መጋጠሚያውን የሚያውቅ እጅ

አልባ ፕሌና የምትባለው ነጭ ካሜሊያ ከዳር እስከ ዳር ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ከፊት ለፊት ሲያዩዋት መሐሏ ክፍት አይደለም። ብናኝ የተሸከሙ ቢጫ ዘንጎች አይታዩባትም፤ ንብ የምትገባበት ቦታም የላትም። ያላት የአበባ ቅጠል ብቻ ነው፤ ብዛቱም ከ100 ያልፋል። የውጮቹ ሰፊና ክብ ናቸው። ወደ ውስጥ በተጠጉ ቁጥር እየጠበቡ፣ ጫፋቸውም እየሾለ ይሄዳል። መሐል ላይ ያሉት ገና ሳይፈቱ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደተጠቀለለ ይቆያሉ።

አበባዋን በመዳፍ ይዞ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። እያንዳንዱ ቅጠል የሚያርፈው ከበታቹ ባሉት ሁለት ቅጠሎች መካከል፣ ልክ በክፍተቱ ላይ ነው። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ቀጣዩን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን በዓይኑ የሚከተል ሰው መንገዱ በቀጥታ ወደ መሐል አይወስደውም፤ እያዞረ ነው የሚያስገባው። መሶብ የምትሰፋ ሴት ከመሐል ጀምራ ስፌቱን እያዞረች ወደ ዳር ታሰፋዋለች። የካሜሊያ ዙር ግን ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይገባል። ሕጉ አንድ ነው፦ አዲሱ ቅጠል የሚበቅለው ቀዳሚዎቹ በተዉለት ሰፊ ክፍተት ላይ ነው። ይህች አንዲት ሕግ ከ100 ጊዜ በላይ ስትደገም ከላይ የምናየው ጠመዝማዛ ይወጣል።

አሁን አበባዋን እንገልብጣት። ከጀርባዋ ረጅም እጀታ የለም፤ በቀጥታ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ ነው የምታብበው። መቀመጫዋ ላይ አረንጓዴና ቡናማ መልክ ያላቸው ትንንሽ ሽፋኖች አሉ፤ በላያቸው ስስ ለስላሳ ፀጉር አላቸው። እነዚህ ወራቱን ሙሉ እምቡጧን ከብርድ የጠበቁት ናቸው። አደራረባቸው የነጮቹን ቅጠሎች አደራረብ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ባለው ክፍተት ላይ ያርፋል። ሽፋኑም አበባውም በአንድ ዓይነት አሠራር የተሠሩ ናቸው።

ብናኝ የሚሸከሙት ዘንጎች ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጠዋል። ስለዚህ አልባ ፕሌና ዘር ሰጥታ ራሷን የምትተካ ተክል አይደለችም። እንዲያውም ስም የወጣለት ማንኛውም የካሜሊያ ዝርያ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1792 ካርናቲክ የተባለች የንግድ መርከብ አልባ ፕሌናን ከቻይና ወደ እንግሊዝ አምጥታለች። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተሠራጨችው በሙሉ በቢላ ተቆርጣ፣ ሥር አውጥታ ወይም በሌላ ግንድ ላይ ተጋጥማ ነው። ዛሬ በአንድ ሰው ጓሮ የምታብበው አልባ ፕሌና የዚያችው የጥንቷ የቻይና ተክል አካል ናት፤ እጅ ከእጅ እየተቀበለ እዚህ ያደረሳት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የካሜሊያን ነገር የማየው ከአበባዋ ይልቅ በመጋጠሚያዎቿ በኩል ነው። የት ተቆረጠች? በምን ላይ ተቀመጠች? ምን ከምን ጋር ገጠመ? አበባው የሚያምረው ይህ ሥራ በትክክል ከተሠራ ብቻ ነው።

ሁሉም ካሜሊያ እንደ አልባ ፕሌና የተዘጋ አይደለም። ባለሙያዎቹ የአበባውን ቅርጽ በስድስት ይከፍሉታል። በአንዱ ጫፍ አንድ ረድፍ ቅጠልና መሐሉ ላይ የዘንግ ክምር ያለው ነጠላ አበባ አለ፤ በሌላው ጫፍ አልባ ፕሌናን የመሰለው ድርብ አለ። የቀሩት አራቱ በመካከል ናቸው። ለእኔ ከነጠላዎቹ የሚበልጥብኝ የለም፤ በተለይ በደቡብ ጃፓን የኩማሞቶ ሰዎች የሚያሳድጉት ሂጎ የሚባለው። በቀድሞው ዘመን ያሳድጉት የነበሩት የአካባቢው ሳሙራዮች ናቸው። ሂጎ ከአምስት እስከ ዘጠኝ የሚሆን ጠፍጣፋ ቅጠል አለው። መሐሉ ላይ ከ100 እስከ 250 ዘንግ ይቆማል። ዘንጎቹ ተጠጋግተው አይቆሙም፤ ከአንድ ነጥብ ተነስተው በየአቅጣጫው እኩል ይዘረጋሉ፣ የአበባውንም ፊት ከግማሽ በላይ ይሸፍናሉ። ሳሙራዮቹ ያዩት የነበረው ይህንኑ እኩል መዘርጋት ነው። አንድ ወገኑ የሳሳ አበባ ሂጎ ተብሎ አይቆጠርም።

የጃፖኒካ ዝርያ አበባ ሲረግፍ ሙሉውን ነው የሚወድቀው። ጠዋት ከዛፉ ሥር ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እንዳለ ተቀምጦ ይገኛል። ምክንያቱን ለማየት አንዱን አንስቶ ከታች መመልከት ይበቃል። ቅጠሎቹ ታች ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ቀለበት ሠርተዋል፤ ዘንጎቹም ከሥራቸው ተያይዘው ከዚያው ቀለበት ጋር ተዋህደዋል። ቀለበቱ ከመቀመጫው ሲላቀቅ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ሳሳንኳ የሚባለው ሌላው ዝርያ ግን ቅጠሎቹ ለየብቻ ስለሆኑ አንድ በአንድ ይበተናሉ፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሮዝ ወይም ነጭ ምንጣፍ ይሆናል። መንገድ ዳር የሚተከለውን የሚመርጥ ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ጃፖኒካ በየቀኑ ትለቀማለች፤ ሳሳንኳ ራሷን ትበትናለች።

ቅጠሏን አይቶ የሚያውቃት ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ካሜሊያ መሆኗን ባያውቅም። ሻይ ራሱ ካሜሊያ ነው፤ ሙሉ ስሙ ካሜሊያ ሲነንሲስ ነው። ከቦንጋ አጠገብ ባለው የውሽውሽ የሻይ እርሻ በረድፍ የተደረደረው አረንጓዴ ተክል የጃፖኒካና የሳሳንኳ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ ለቃሚው ሁለት ቅጠልና አንድ ቡቃያ እየቀነጠሰ ስለሚሄድ ቁጥቋጦው ለማበብ ፋታ አያገኝም። ሳይቀነጠስ የተተወ የሻይ ዛፍ ግን ያብባል፤ ትንንሽ፣ ነጭ፣ መሐላቸው በቢጫ ዘንግ የሞላ አበቦች። ወደ መሬት አቀርቅረው ያብባሉ። አንዱን ለይቶ ያየ ሰው የካሜሊያ ቤተሰብ መልክ ይገባዋል።

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሰው ካሜሊያ ለረጅም ጊዜ የደቡቡ ግዛቶች ተክል ነበረች። አላባማ የግዛቷ አበባ አድርጋታለች። በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን አጠገብ ባለው የሚድልተን ፕሌስ የአትክልት ቦታ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ እንደተተከለች የሚነገርላት ካሜሊያ እስከ ዘመናችን ደርሳለች። ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ግን ብርዱ ይገድላት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1978 በተከታታይ የመጡት ሁለት ከባድ የብርድ ወቅቶች በዋሽንግተን የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል የነበሩትን ከ900 በላይ ካሜሊያዎች ከሞላ ጎደል ፈጇቸው። ከእልቂቱ ሳይነካ የወጣው ኦሌይፌራ የሚባለው ዝርያ ነበር፤ ቻይናውያን ከፍሬው የምግብ ዘይት የሚያወጡበት፣ አበባው ነጭና ነጠላ የሆነ ተክል። የማዕከሉ ተመራማሪ ዊልያም አከርማን ከዚያ ተነሳ። የኦሌይፌራን ብርድ መቋቋም ከሳሳንኳና ከመሰሎቹ ውበት ጋር ለማዋሃድ ብናኙን በእጁ እያሻገረ ዓመታት አሳለፈ። ጡረታ ከወጣም በኋላ አሽተን፣ ሜሪላንድ ባለው የራሱ እርሻ ላይ ቀጠለበት። አሽተን የሚገኘው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው።

ብናኝ ማሻገር ምን እንደሚጠይቅ ማሰብ ይገባል። እምቡጡ ከመፈታቱ በፊት ይከፈታል። ነፍሳት ቀድመው እንዳይደርሱ፣ አበባው በራሱ ብናኝ እንዳይፀንስ ዘንጎቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። መሐል ላይ የቆመችው የሴቴዋ ዘንግ ብቻ ትቀራለች። ከአባትየው አበባ የተወሰደው ብናኝ በጫፏ ላይ ይቀባል፤ አበባው ይሸፈናል፤ የእናትና የአባቱ ስም ተጽፎ ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ፍሬው እስኪበስል ወራት ይጠበቃል፤ ችግኙ እስኪያብብ ደግሞ ዓመታት። አብቦም ብርዱን መቻሉ የሚታወቀው ክፉ ብርድ ሲመጣ ብቻ ነው። ዊንተርስ ስታር፣ ዊንተርስ ቻርም፣ ፖላር አይስ፣ ስኖ ፍለሪ የሚባሉት ዛሬ በየችግኝ መሸጫው የሚገኙት ዝርያዎች በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ሌላው ሁሉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ያብባሉ።

እንግዲህ ወደ ጓሮው። የመጀመሪያው ጥያቄ የጠዋት ፀሐይ ነው። ሌሊት በብርድ በረዶ የሆነ እምቡጥ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ቢቀልጥ አይሞትም። ጠዋት ፀሐይ በድንገት ሲያገኘው ግን ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ በብርዳማ ቦታ ካሜሊያ ከቤቱ በስተሰሜን ወይም በስተምዕራብ፣ ነፋስ በማይበረታበት ትተከላለች። ረጃጅም ጥዶች ያሉት ሰው ዕድለኛ ነው። የጥድ ጥላ ወንፊት ነው፤ ብርሃኑን ቀንሶ ያሳልፋል፣ ሥሩም ጥልቅ ስለሆነ ከካሜሊያዋ ጋር አይሻማም።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። አገር ቤት አፈር አሲዳማ ሲሆን ገበሬው ኖራ ይበትንበታል፤ ስንዴና ገብስ አሲድ አይወዱምና። ካሜሊያ ግን እንደ ሻይ ዘመዷ አሲዱን ትፈልጋለች። የአፈሩ የአሲድ ልክ (ፒኤች) ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን ይስማማታል። ከቤት መሠረት ሥር ተጠግታ ስትተከል ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ በዝናብ እየታጠበ ሥሯ ይደርሳል። ያኔ በአፈሩ ውስጥ ብረት እያለ መሳብ ያቅታታል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ የቅጠሉ ገጽ ይገረጣል፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ማዳበሪያ ይጨምራል። የሚያስፈልጋት ግን ከግድግዳው ራቅ ማለት ነው።

የጉድጓዱ ነገር ልኬት ይፈልጋል። ወርዱ የሥሩን ጓል እጥፍ ይሁን፤ ጥልቀቱ ግን ከጓሉ ቁመት እንዲያውም ያንስ። ከጓሉ በታች ያለው መሬት አይቆፈርም፤ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ይሰምጣልና። ተክሉ አብሮት ሲሰምጥ ግንዱ ከአፈር ሥር ይገባል፤ ካሜሊያ ደግሞ ከምንም በላይ በጥልቀት መቀበርን አትችልም። ሥሮቿ ቀጫጭንና ብዙ ናቸው፤ ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ነው የሚተነፍሱት። ጥሩ ተካይ የጓሉን ጫፍ ከመሬቱ ደረጃ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ሸክላማ አፈር ስለሚበዛ ይህች ከፍታ የተክሉ ሕይወት ናት። በችግኝ ማሰሮው ውስጥ የተጠማዘዙት ሥሮች ከውጭ በኩል በጣት ይፈታሉ፤ አፈሩ በየጎኑ ይመለሳል፤ ጓሉ አናት ላይ ግን አይከመርም። አናቱ የሚለብሰው ጉዝጓዝ ነው፦ የጥድ ቅጠል ወይም የተፈጨ ቅርፊት፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ግንዱ ዙሪያ አንድ መዳፍ ያህል ባዶ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ሥሯ አካባቢ መኮትኮት የለም፤ አረም በእጅ ይነቀላል።

ውሃውን በጥቂት ቃል ልለፈው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፣ ግን ውሃ አይቁርበት። ማዳበሪያዋ አበባው ካለቀ በኋላ በፀደይ ይሰጣል። ከጁላይ በኋላ የሚሰጥ ማዳበሪያ ለጋ ቅርንጫፍ ያበቅልና ያ ለጋ ለብርዱ ሲሳይ ይሆናል።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው የካሜሊያ ሥራ ከተራ አትክልተኝነት የሚለየው። ያለፈው ዓመት ቅርንጫፍ የቆመበትንና የዘንድሮው የተነሳበትን ቦታ በጣት ማግኘት ይቻላል። ከጫፍ ወደ ታች ቅርንጫፉን እየዳሰሱ ሲወርዱ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ሻካራና ወፈር ያለ ቀለበት ይገኛል። እዚያ ላይ የቡቃያው ሽፋኖች ሲረግፉ የተዉት የጠባሳ መስመሮች ተጠጋግተው ይታያሉ። የቅርፊቱም መልክ እዚያው ይለወጣል፤ ከቀለበቱ በላይ ለስላሳና ቡናማ፣ ከበታቹ ግራጫ። ከዚህ ቀለበት ትንሽ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ በጠባሳው አካባቢ የተኙ ቡቃያዎች ስላሉ። ከዚያ ርቆ መሐል ላይ የተቆረጠ ግን ባብዛኛው አንድ ብቻ ይሰጣል። ሁለቱ ቁርጦች የሚራራቁት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ተክል ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው የረዘመና የሳሳ የሚሆነው በዚያች ርቀት ነው።

የሚገረዘው አበባው እንዳለቀ፣ አዲሱ ቡቃያ ሳይነሳ ነው። በመጸው የሚገርዝ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ይዞ ይጥላል፤ እምቡጡ የሚያዘው ከመጸው በፊት፣ በሞቃቱ ወራት አጋማሽ ነውና። ሲቆረጥ ከውስጥ ይጀመራል። የሞተው፣ የቀጨጨው፣ እርስ በርስ የሚፋተገው ይወጣል። ከውጭ የተላጨ ካሜሊያ አጥር ይሆናል እንጂ ዛፍ አይሆንም። የውስጡ የተከፈተ ግን አየር ይገባዋል፣ እያንዳንዱም አበባ ቅጠልና ቅርንጫፍ ሳይቧጭረው ለመፈታት ቦታ ያገኛል።

በኦገስት መጨረሻ የእምቡጥ መቀነስ ሥራ አለ። በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ክብና ወፍራም የሆነው የአበባ እምቡጥ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ቀጭንና ሹል የሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፍ ነው። ሁለቱን ማምታታት የዓመቱን ዕድገት መቀንጠስ ነው። ሦስት እምቡጥ አብረው ከተያዙ አንዱ ይቀራል፤ ሁለቱ በጣት ተጠምዝዘው ይነሳሉ። ብልሆቹ በአንዱ ቅርንጫፍ ትልቁን፣ በሌላው ትንሹን ይተዋሉ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም በአንድ ሳምንት አያብብም። ለውድድር የሚያሳድጉት ደግሞ ሹሉን ቡቃያ ነቅለው በቀረው ጽዋ መሳይ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጠብታ የጂብረሊክ አሲድ ሆርሞን ያኖሩበታል፤ አበባው ቀድሞና ገዝፎ ይመጣል። የእጃቸውን ጥራት አደንቃለሁ። እኔ ግን አበባው በራሱ ልክ ሲመጣ እመርጣለሁ።

ከሁሉ የረቀቀው ግን ግራፍት፣ ማለትም አንዱን ተክል በሌላው ግንድ ላይ ማጋጠም ነው። አገር ቤት ግራፍት የተደረገ አቮካዶ የተከለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የካሜሊያው የሚሠራው ባብዛኛው በፌብሩዋሪ፣ ተክሉ ገና ሳይነቃ ነው። ሥር ሰጪዋ ሳሳንኳ ናት፤ ሥር የሚያበሰብሰውን በሽታ ከጃፖኒካ በተሻለ ስለምትቋቋም። የጣት ውፍረት ያለው ግንዷ ከአፈሩ 5 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጥሩ መጋዝ ይቆረጣል። የመጋዙ ሻካራ ገጽ በቢላ ይስተካከላል። ከዚያ ቢላው በቁርጡ መሐል ለመሐል ገብቶ ግንዱን ወደ ታች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ እንዳይዘጋ ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት ይገባበታል።

የሚጋጠመው ቅርንጫፍ ያለፈው ዓመት ዕድገት ነው፤ ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ወይም ሁለት ጤናማ ቡቃያ ያለው። ቅጠሎቹ ውሃ እንዳያባክኑ ግማሻቸው ይቆረጣል። የታችኛው ጫፍ ከሁለት ጎን በረጅሙ ተቀርጾ ሽብልቅ ይሆናል። ቁርጡ በየጎኑ አንድ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ ነው የሚሠራው፤ ቢላው በመሐል ከቆመ እርከን ይተዋል፣ በእርከኑ ውስጥ አየር ይቀራል። የተካነ እጅ ሽብልቁን ከውጭ በኩል ከውስጡ ጥቂት ወፈር አድርጎ ነው የሚቀርጸው። ስንጥቁ ሲጨብጠው ግፊቱ የሚያርፈው በውጭኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሕይወት ያለውም እዚያ ነው።

ከቅርፊቱ ሥር ካምቢየም የሚባል እጅግ ስስ አረንጓዴ ሽፋን አለ። አዲስ ሕዋስ የሚያወጣው እርሱ ነው። ሁለቱ ተክሎች አንድ የሚሆኑት ካምቢየም ከካምቢየም ሲነካካ ብቻ ነው። ዓይን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። የሥር ሰጪዋ ቅርፊት ወፍራም ነው፤ የቅርንጫፉ ስስ ነው። የሁለቱን ቅርፊት ከውጭ እኩል አድርጎ የገጠመ ሰው ካምቢየሞቹን አላገናኘም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከቅርፊቱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይቀመጣል፤ የሚገባው ልክ የቅርፊቶቹ ውፍረት ልዩነት ያህል ነው፣ ማለትም ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች። አንዳንዶች ቅርንጫፉን በጥቂቱ ያዘነብሉታል። ሁለቱ መስመሮች ሲተላለፉ ቢያንስ በአንድ ነጥብ መነካካታቸው አይቀርም። ብረቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግንዱ ሽብልቁን ይጨብጠዋል። ቀጭን ከሆነ በጎማ ማሰሪያ ይታገዛል። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ይከበዋል፤ የመስታወት ማሰሮ ወይም ታቹ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ይደፋበታል፤ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ቡቃያው ያብጣል። ማሰሮው ወዲያው አይነሳም። መጀመሪያ ጠርዙ በጠጠር ከፍ ይላል፤ ከቀናት በኋላ ጠጠሩ ተለቅ ባለ ድንጋይ ይተካል፤ እንዲህ እየተባለ ተክሉ ከአየሩ ጋር ይለማመዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ እብጠት ይታያል። ከዚያም በዕድሜ የግንዱ ገጽ ሲሞላ እሱን ለማግኘት ከጣት ይልቅ የቅርፊቱን መልክ ማየት ይሻላል፤ ከታች የሳሳንኳ፣ ከላይ የጃፖኒካ።

ለዚህ ሥራ ቢላው እንደ ምላጭ መሳል አለበት። የጃፓን አናጺዎችና አትክልተኞች መሣሪያቸው እንዳይዝግ የሚቀቡት ዘይት የሚወጣው ከጃፖኒካ ፍሬ ነው፤ ኢዙ ኦሺማ ደሴት በዚህ ዘይት የታወቀች ናት። ዘይቱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ሽታው ደካማ ነው፣ ብረቱ ላይም በስሱ ይዘረጋል። ካሜሊያን የሚቆርጠው ቢላ በካሜሊያ ዘይት ተወልውሎ ይቀመጣል።

ከጠላቶቿ ሁለቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በቅጠሉ ሥር ተለጥፎ የሚመጠምጥ ጥቃቅን ቅርፊት መሳይ ተባይ ነው። ከላይ ሲታይ ቅጠሉ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፤ ሲገለበጥ ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር ይታያል። ለአትክልት የተዘጋጀ ዘይት የቅጠሉን ሥር በደንብ እስኪያርስ ይረጫል፤ ተባዩ ይታፈናል። ላይ ላዩን የረጨ ምንም አልረጨም። ሁለተኛው የአበባውን ቅጠል ቡናማ የሚያደርገው ፈንገስ ነው። ብርድ ያጠቃውና ፈንገስ ያጠቃው አበባ ከፊት ይመሳሰላሉ። የወደቀውን አንስቶ ሽፋኖቹን ነቅሎ መቀመጫውን ማየት ነው። ነጭ ወይም ግራጫ የሻጋታ ቀለበት ካለ ፈንገሱ ነው። ጥቁር ጠጣር ፍሬ ሠርቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ የወደቀው አበባ ሁሉ ተለቅሞ ይወገዳል፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨመርም።

አንድን ካሜሊያ ለማኖር የሰው እጅ እስከ ምን ይደርሳል የሚል ሰው፣ በጀርመን በድሬስደን አጠገብ፣ በፒልኒትስ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለችውን ማየት ይችላል። አሁን ባለችበት ቦታ የተተከለችው እ.ኤ.አ. በ1801 ነው። አበባዋ ቀይና ነጠላ ነው፤ ቁመቷ 9 ሜትር ገደማ ደርሷል፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል በሺዎች የሚቆጠር አበባ ታወጣለች። እንደ አልባ ፕሌና ድርብርብ አይደለችም፣ ከዛፉ ትልቅነት አንጻር አበባዋ ትንሽ ነው። በየዓመቱ ለብርዱ ወራት በእንጨት ቤት ትከለል ነበር። በጃንዋሪ 1905 ቤቱ በእሳት ተያያዘ። የውጭው ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ነበር። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ በዛፏ ላይ እየረጋ በረዶ አለበሳት፤ ያው በረዶ ከብርዱ ከለላት፣ በጸደይም አቆጠቆጠች።

ዛሬ የምትኖርበት ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራ ነው። ብረትና መስታወት ነው፤ ቁመቱ 13.2 ሜትር፣ ክብደቱ 54 ቶን። ሐዲድ ላይ ቆሟል። በሜይ ብርዱ ሲያልፍ ቤቱ ሙሉውን ተገፍቶ ከዛፏ ጎን ይቆማል፤ በኦክቶበር ተመልሶ ይገጥምባታል። ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የአየሩን መግባትና መውጣት፣ የጥላውንም ልክ ኮምፒውተር ይቆጣጠረዋል። በብርዱ ወራት ውስጡ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲሞቅ አይተውም። ከሞቀ እምቡጡ ከጊዜው ቀድሞ ይፈታል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይቃጠላል።